ልጅ ኢያሱ ሰልመው ነበር ወይ? ከቦሩ ሜዳ እስከ ሰገሌ የጥምቀት፣ የመሐላና የጦርነት ታሪክ

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አገሩ መስቀልን ሲያከብር፣ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የተሰበሰቡ መኳንንትና ካህናት የአፄ ምኒልክን ወራሽ ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱ። የተነበበው ክስ ብዙ ነገር ይዘረዝራል፤ ሚዛን የደፋው ግን ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል፣ ሰልመዋል የሚለው ነበር። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትለው ሰገሌ ላይ ከሸዋ ጦር ጋር ገጠሙ። ቀኑን ሙሉ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ፤ ንጉሡም ተማረኩ።

ከዚያ ወዲህ አንዱ «በእርግጥ ሰልመው ነበር» ሲል ሌላው «ስም ማጥፋት ነው» እያለ ክርክሩ ቀጥሏል። ተከራካሪዎቹ ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ነገር አለ። ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ሲወለዱ ሙስሊም ነበሩ። ስማቸው መሐመድ ዓሊ፣ ማዕረጋቸውም ኢማም ነበር። አባት ከእስልምና ወደ ክርስትና በመግባታቸው ታማኝ ተባሉ፤ ልጅ ደግሞ ከክርስትና ወደ እስልምና ወጥተዋል ተብለው ከሐዲ ተባሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ 38 ዓመት ብቻ ነው። ነገሩን ለመረዳት ከልጁ ሳይሆን ከአባቱ መጀመር ይሻላል። (ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦሩ ሜዳ ላይ ምን ተደረገ?

ቦሩ ሜዳ ከደሴ ከተማ ብዙ አይርቅም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ግንቦት 1870 ላይ እዚያ ጉባኤ ሲጠሩ የመጡት ከሁለት ከባድ ጦርነቶች በኋላ ነው። ግብፅ በ1868 ሁለት ጊዜ ወርራ፣ ጉንደትና ጉራ ላይ ሁለት ጊዜ ተሸንፋለች። ሽንፈቱ ግን ከአካባቢው አላስወጣትም፤ ምጽዋም ሐረርም በእጇ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በትግራይና በሸዋ መካከል የተቀመጠውን፣ ሙስሊም መሳፍንት የሚገዙትን ወሎን ሲያዩ የታያቸው ለጠላት ሊከፈት የሚችል በር ነው። የሸዋው ምኒልክ ደግሞ ገና በመጋቢት ልቼ ላይ ገብረዋል።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። በቦሩ ሜዳ መጀመሪያ የተፈረደው በሙስሊሞች ላይ ሳይሆን በክርስቲያኖች ላይ ነው። ጉባኤው የተከፈተው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በነበረው የክርስቶስ ልደትና ቅባት ክርክር ነበር። በሸዋ ብዙ ተከታይ የነበረው የሦስት ልደት ትምህርት፣ ማለትም ክርስቶስ ከአብ፣ ከማርያምና ከመንፈስ ቅዱስ ሦስት ጊዜ ተወልዷል የሚለው፣ ተወገዘ፤ ተከታዮቹም እንዲመለሱ ታዘዘ። የአፄ ዮሐንስ ሐሳብ ግልጽ ነው። አንድ መንግሥት የሚጸናው በአንድ ሃይማኖት ነው፣ ያውም በአንድ ዓይነት ትምህርት።

ወዲያው ተራው የወሎ ሙስሊሞች ሆነ። ሹማምንቱ ወይ እንዲጠመቁ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ፣ ሕዝቡም በተቆረጠለት ቀነ ገደብ እንዲከተል ታዘዘ። ትእዛዙ ከስም ለውጥ ያለፈ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን መሥራትና ለካህኑ አሥራት መክፈልም ነበረበት።

በወሎ የበላይነት የሚሻሙ ሁለት ኢማሞች ነበሩ። አንዱ መሐመድ ዓሊ፣ ሁለተኛው አባ ዋጠው በሚባል የፈረስ ስም የሚታወቁት አመዴ ሊበን ናቸው። ሁለቱም ተጠመቁ። መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው የራስነት ማዕረግ አገኙ፤ የክርስትና አባታቸውም አፄ ዮሐንስ ሆኑ። አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ የእሳቸው የክርስትና አባት ምኒልክ ነበሩ።

የክርስትና አባትነት ፖለቲካ ውስጥ ምን ይሠራል?

የክርስትና አባት ማለት ተጠማቂውን ከጥምቀቱ ውኃ የሚቀበልና ለእምነቱ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ነው። ብድር ሲወሰድ የሚቀርበውን ዋስ ማሰብ ይበቃል። ተበዳሪው ቢጠፋ ዋሱ ይጠየቃል፤ ዋሱም ስለዚህ ተበዳሪውን ዓይኑን ሳይነቅል ይከታተላል። ለተበዳሪው ደግሞ ዋሱን ማሳፈር ነውር ነው።

ቦሩ ሜዳ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጦር ያስገበሩትን ሰው በዝምድና አሰሩት። ከዚያ በኋላ ሚካኤል በዮሐንስ ላይ ቢነሡ ዓመፃቸው በንጉሥ ላይ ብቻ አይደለም፤ በአባት ላይ ነው፣ በጥምቀት ላይም ነው። ሁለቱ የወሎ ባላንጣዎች ሁለት የተለያዩ ክርስትና አባቶች ማግኘታቸውም በአጋጣሚ አይመስልም። ዮሐንስና ምኒልክ በወሎ ጉዳይ እርስ በርስ ይጠባበቁ ነበርና፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰው ያዙ።

ስለዚህ በዚያ ዘመን «ሃይማኖቱን ለወጠ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይናገራል። አንደኛው ሰውየው ምን እንደሚያምን ነው። ሁለተኛው ለማን እንዳደረ ነው። የመንግሥት ሰዎችን ያስጨነቃቸው ሁለተኛው ነበር።

የተጠመቀው ሕዝብ ምን ሆነ?

ሁሉም አንድ መንገድ አልሄደም። ተጠምቆ በዚያው የጸና ነበር፤ ልጅ ልጆቹም ዛሬ ክርስቲያን ናቸው። አገሩን ጥሎ የተሰደደ ነበር። ነፍጥ ያነሣም ነበር። ከእነዚህ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ሼኽ ጠልሃ ቢን ጀዕፈር ናቸው። እኚህ ሰው በዓረብኛ ፊደል በአማርኛ መንዙማ የሚገጥሙ ሊቅ ነበሩ፤ በ1870ዎቹ የወሎን ዓመፅ መርተዋል። ዓመፁን ለማብረድ ዮሐንስም ምኒልክም ወሎ ድረስ ዘምተዋል፤ የደረሰው ጥፋትም ቀላል አልነበረም።

ከሁሉም የሚያስገርመው ግን በመካከል የቀረው ነው። በዘመኑ በኢትዮጵያ የነበሩት የካቶሊክ ሚሲዮናዊ አባ ማስያስ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተጠምቀው የወጡ ሰዎች ጥምቀቱን ለማጠብ በቀጥታ ወደ መስጊድ ሲሄዱ ማየታቸውን ጽፈዋል። እንዲህ ያለው ሰው ቀን ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ማታ ሙስሊም ሆኖ ኖረ።

በግዳጅ የሚመጣ የሃይማኖት ለውጥ የሚያስከትለው ችግር እዚህ ላይ ይታያል። ያልተጠመቀው ዓመፀኛ ነው፤ የተጠመቀውም ከልቡ ይሁን ከአንገት በላይ አይታወቅምና ይጠረጠራል። ትእዛዙ ታማኙን ከከሐዲው ለመለየት የወጣ ነበር፤ ከወጣ በኋላ ግን መለየቱ ከፊተኛው ይልቅ ከበደ። ጎረቤትም ጎረቤቱን፣ ሹምም ባላገሩን፣ ወንድምም ወንድሙን በጎን ማየት ጀመረ። ይህ ጥርጣሬ በአንድ ትውልድ አልሞተም፤ የተጠማቂው ልጅ ክርስቲያን ሆኖ ቢወለድም ተከትሎት መጣ።

ራስ ሚካኤል ታማኝነታቸውን እንዴት አስመሰከሩ?

በሥራ ነው። አፄ ዮሐንስ መጋቢት 1881 መተማ ላይ ከሱዳን መሐዲስቶች (ደርቡሾች) ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ሚካኤል ከዚያ በኋላ ለምኒልክ ገቡ። ምኒልክም የክርስትና አባትነት ባይኖራቸው በጋብቻ አሰሯቸው፤ ልጃቸውን ሸዋረጋን ዳሩላቸው። ሚካኤል በ1888 የወሎን ፈረሰኛ ይዘው አድዋ ዘመቱ። ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ በክርስትናቸውም የጸኑ ሰው እንደ ነበሩ ጠላቶቻቸውም አልካዱም።

ግን ዘመድ አዝማዳቸውና የሚገዙት ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነበር። ወሎ ውስጥ ይህ ለማንም እንግዳ ነገር አይደለም። የልጁ ስም ክርስቲያን የአባቱ ስም ሙስሊም፣ ወይም ተገላቢጦሽ የሆነባቸው ሰዎች ዛሬም ሞልተዋል፤ በሠርግና በለቅሶ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል፣ እንግዳው ግን አንድ ነው። ለሸዋ መኳንንት ግን ይህ ነገር አሥጊ ነበር። ከሸዋረጋ የተወለደው ኢያሱ በእናቱ የምኒልክ የልጅ ልጅ፣ በአባቱ የወሎ ኢማሞች ዘር ሆነ።

መሐላው ምን ነበር?

አፄ ምኒልክ ሕመም ሲጸናባቸው ግንቦት 1901 ጃንሜዳ ላይ አዋጅ አስነገሩ፤ ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ፣ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውን እንደራሴ አደረጉ። ኢያሱ ገና አሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ። መኳንንቱ በቤተ ክርስቲያኗ ጳጳስ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ማሉ። አዋጁም የሚያስፈራ እርግማን ነበረበት፤ ኢያሱን አልቀበልም የሚል ሰው ጥቁር ውሻ ይውለድ ተባለ። እርግማኑ ግን ሁለት ስለት ነበረው። ኢያሱም በተራቸው ሕዝቡን ከድተው የማይገባ ነገር ቢሠሩ እንዲሁ ጥቁር ውሻ ይውለዱ ይላል። የአዋጁ የመጨረሻ ቃል ከሰባት ዓመት በኋላ ጥቅም ላይ ሊውል ነው።

መሐላ ሲባል የአፍ ቃል ብቻ እንዳይመስል። በዚያን ጊዜ የጽሑፍ ሕገ መንግሥት የለም፤ ሥልጣንን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው መሐላ ነው፤ መሐላውን የሚጠብቀው ደግሞ ውግዘት ነው። የማለ ሰው መሐላውን ቢያፈርስ ከቤተ ክርስቲያን ይለያል፤ ፍትሐት የለውም፤ ጎረቤት አይቀብረውም። ከዚህ እስራት የሚፈታው ያሰረው ካህን ብቻ ነው።

ራስ ተሰማ በ1903፣ አፄ ምኒልክም ታኅሣሥ 1906 ሞቱ። የንጉሠ ነገሥቱ ሞት ለሕዝብ ሳይነገር ከረመ፤ ኢያሱም ዘውድ ሳይጭኑ ገዙ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ግን አባታቸውን የወሎና የትግሬ ንጉሥ ብለው ደሴ ላይ አነገሡ። የሸዋ መኳንንት ቂም የጀመረው ከመስጊድ ሳይሆን ከዚህ ዘውድ ሳይሆን አይቀርም ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ልጅ ኢያሱ በእርግጥ ምን አደረጉ?

የሚያከራክረውን ከማያከራክረው እንለይ። ከአዲስ አበባ ይልቅ በሐረር፣ በድሬዳዋ፣ በአፋርና በኦጋዴን ብዙ ጊዜ መቆየታቸው አያከራክርም። ከሙስሊም ባላባቶች ልጆች ጋር መጋባታቸው፣ መስጊድ ማሠራታቸው፣ ሙስሊሞችን ወደ ሥልጣን ማቅረባቸውም እንዲሁ። ቤተ ክርስቲያን ማሠራታቸውም አያከራክርም፤ ከሳሾቻቸው ይህንን አላነሡም እንጂ።

የሚያከራክረው ትርጉሙ ነው። አንዱ ይህን ሁሉ የሚያየው ሃይማኖት እንደ ለወጠ ሰው ሥራ አድርጎ ነው። ሌላው ደግሞ አያታቸው በጦር ያስገበሩትን የሙስሊም ምሥራቅ በጋብቻና በመከባበር ለማሰር እንደ ሞከረ ገዢ ያያቸዋል። ምኒልክ በሚካኤል ላይ የሠሩትን እሳቸው በተገላቢጦሽ ሠሩት ማለት ነው፤ ልዩነቱ የትኛው ወገን ወደ የትኛው ሄደ የሚለው ነው። እንደ አባታቸው በሕዝብ ፊት ስም ቀይረው፣ ምስክር ተቆጥሮ፣ ሃይማኖት የለወጡበት ቀን ግን የለም። በልባቸው ያለውን የሚያውቅ አልነበረም፤ ክሱም ልባቸውን ማወቅ አላስፈለገውም።

ይህ ሁሉ የሆነው በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል መሆኑ ነገሩን አባባሰው። የኦቶማን ቱርክ መንግሥት ከጀርመን ጎን ተሰልፎ ጂሃድ አውጆ ነበር። ኢትዮጵያን የከበቡት ቅኝ ገዢዎች ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ፣ ሦስቱም የቱርክና የጀርመን ጠላቶች ናቸው። እንግሊዝ በሶማሌ ምድር ከሰይድ መሐመድ ዓብዲሌ ሐሰን ጋር ስትዋጋ ዓመታት አስቆጥራለች። ኢያሱ ከቱርክ ቆንስል ጋር ሲወዳጁና ወደ ሰይዱ ሲያዘነብሉ ሦስቱ መንግሥታት ፈሩ፤ በመስከረም መጀመሪያም ተቃውሟቸውን ለአዲስ አበባ አቀረቡ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ኢያሱ ደጃዝማች ተፈሪን ከሐረር አንሥተው ወደ ከፋ ሾመዋቸው ነበር። የውጭው ፍርሃትና የውስጡ ቂም በአንድ ወር ተገናኙ።

ክሱ ለምን ሃይማኖት ላይ ወደቀ?

ምክንያቱም ከመሐላው የሚያስፈታው ሌላ ክስ አልነበረም። መኳንንቱ «ሹመታችንን ነጠቀን»፣ «ከተማውን ትቶ ይዞራል»፣ «አባቱን በላያችን አነገሠ» ቢሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ መሐላው ግን አይፈርስም። ሰው ንጉሡ ስለ በደለው ብቻ ውግዘት አይፈታለትም። ፍትሐ ነገሥት ግን ንጉሥ ከሃይማኖት ከወጣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ንጉሥ መሆኑ ይቀርና ዓመፀኛ ይሆናል ይላል። ለዓመፀኛ ደግሞ ማንም አልማለለትም።

እንግዲህ መስከረም 17 ዕለት የሁሉም ዓይን ያረፈው አቡነ ማቴዎስ ላይ ነው። ያሰሩት እሳቸው፣ መፍታት የሚችሉትም እሳቸው። አቡኑ ወዲያው እሺ አላሉም፤ አመነቱ። በመጨረሻ ግን ፈቱ። ወይዘሮ ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ መኰንንም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ።

ሰገሌ ላይ ማን ለማን ታመነ?

ንጉሥ ሚካኤልን ያየ ሰው የታማኝነት ነገር ምን ያህል ሊተበተብ እንደሚችል ይረዳል። ክርስቲያን ናቸው፤ አቡኑ መሐላውን መፍታታቸውን መቀበል ነበረባቸው። ለምኒልክ አዋጅ ምለዋል፤ አዋጁ ደግሞ ኢያሱ ይላል። አባት ናቸው። የወሎ ንጉሥ ናቸው፤ ጦራቸው ክርስቲያንም ሙስሊምም አለበት። የትኛውን ቢመርጡ ሌላውን ይከዳሉ። ልጃቸውን መረጡ።

በሸዋ በኩል የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነበሩ። እሳቸውም በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው ምኒልክ ግቢ ያደጉ ሰው ናቸው። ጦራቸው እስኪከማች ጊዜ ለመግዛት፣ ልባቸው ከኢያሱ ጋር እንደ ሆነ አስመስለው ለንጉሡ ላኩባቸው። ሚካኤል አመኑ፣ ዘገዩም። ቀደም ብለው ቶራ መስክ ላይ የሸዋውን የራስ ልዑልሰገድን ጦር ደምስሰው፣ ልዑልሰገድንም ገድለው ነበር፤ ወዲያው ገሥግሠው ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ ሳትዘጋጅ ይደርሱባት ነበር። ሸኖ አጠገብ ሰገሌ ሜዳ ላይ ሲገናኙ ግን የሸዋ ጦር ሙሉ በሙሉ ተከማችቶ ነበር።

ንጉሡ በሰንሰለት ታስረው በድል ሰልፉ ላይ በዘውዲቱ ፊት አለፉ፤ ሁለት ዓመት ገደማ ታስረው ቆይተው ሞቱ። ኢያሱ ወደ አፋር በረሃ ገቡ፤ በ1913 ተያዙ፤ ፍቼ ታሰሩ፤ በ1924 አምልጠው እንደገና ተያዙና ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ። ኅዳር 1928፣ የኢጣሊያ ወረራ በተጀመረ በሁለተኛው ወር፣ መሞታቸው ተሰማ።

ከእነዚህ ሁሉ ስም ካላቸው ሰዎች ይልቅ ብዙ ጊዜ ሳይነሡ የሚቀሩት የሐረር ሰዎች ናቸው። ከመንግሥት ግልበጣው በኋላ በሐረር ብዙ ሙስሊሞች፣ በተለይ ሶማሌዎች፣ ተገደሉ። ኢያሱን አልመረጡ፣ አዋጅ አልማሉ፣ አላፈረሱ። ሃይማኖት የታማኝነት መለኪያ ሲሆን ክሱ በአንድ ሰው ላይ ተነብቦ እዚያው አይቆምም፤ ያንን ሃይማኖት የያዘው ሁሉ ተከሳሽ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ተለወጠ?

ወዲያው አልተለወጠም፤ እንዲያውም ጠበቀ። ኢጣሊያ በአምስቱ ዓመት ወረራ ይህን ቁስል አውቃ ነካችው። መስጊድ እያሠራች፣ ራሷን የሙስሊሞች ጠባቂ አስመስላ ሕዝቡን ለመለያየት ሞከረች። ከነፃነት በኋላ የወጣው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ሁልጊዜ የኦርቶዶክስ ሃይማኖት ተከታይ መሆን እንዳለባቸውና ስማቸውም በቤተ ክርስቲያን ጸሎት ሁሉ እንዲነሣ ደነገገ። በመስቀል ዕለት የተነበበው ክስ አርባ ዓመት ሳይሞላው የሕግ አንቀጽ ሆነ ማለት ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡት ሙስሊሞችና አብረዋቸው የተሰለፉ ክርስቲያኖች የጠየቁት የሃይማኖት እኩልነት ነበር። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን የሚናገረው የዛሬው አንቀጽ 11፣ ማንም ሰው የመረጠውን እምነት እንዳይይዝ በኃይል መከልከል እንደማይቻል የሚናገረው አንቀጽ 27ም በ1987 ሕገ መንግሥት ውስጥ ተጽፈዋል። በአንቀጽ 27 መሠረት ቦሩ ሜዳ ላይ የወጣው ትእዛዝ ሕገ ወጥ ነው፤ ልጅ ኢያሱ ቢሰልሙም ባይሰልሙም ደግሞ ክስ የሚመሠረትበት ጉዳይ አይደለም።